ኤድስ እንኳ አይደለም

እናንተዬ፣ የዛሬው ጽሑፌ ኑዛዜ ቢጤ ነው። ቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ሌላ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ ደክሜ ነበር። አልተገኘም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ብርጭቆ ነው። በ20 ባት የገዛሁት፣ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት ተራ ብርጭቆ።

ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት የሰው ዜና ስተረጉም ከቆየሁ በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል ደረሰኝና ታይላንድ ሄድኩ። ባንኮክ እንዳይመስላችሁ። ኮን ኬን የምትባል ከተማ ናት፤ በሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን በሚባለው ክፍል። የባንኮክ ሰው ስለ ኢሳን ሲያወራ አዲስ አበቤ ስለ ክፍለ ሀገር የሚያወራበት ቃና አለው። ንግግራቸው ወደ ላኦስ ያደላል፤ ሚጥሚጣቸው ደግሞ የኛን ያስንቃል። (ይህን ያልኩት ሰሚ በሌለበት ነው፤ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።)

አከራዬ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉ «ፓ» ይላቸዋል፤ እኔም «ፓ» አልኳቸው። ፓ ማለት በታይኛ የእናት ወይም የአባት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ዘመድ ያልሆነችን ትልቅ ሴትም ይጠሩበታል። የኛ «እትዬ» በሉት። ፓ ከቤታቸው ደጅ ሶም ታም ይሸጣሉ። ጥሬ ፓፓያ ተከታትፎ፣ ከቃሪያና ከሎሚ፣ ከፈላ የዓሣ ውሃ ጋር በሙቀጫ የሚወገር ነገር ነው። ሽታውን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሙቀጫውን ድምፅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ወደድኩት። ጠዋት ተኝቼ ስሰማው ቤታችን ቡና የሚወቀጥ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የማረከኝ ግን አበላላቸው ነው። ኢሳኖች ካው ኒያው የሚሉት የሚያጣብቅ ሩዝ አላቸው። በቀርከሃ ሙዳይ ይቀርባል፤ ሁሉም እጁን ይሰድና ቆንጥሮ፣ በጣቱ ድቡልቡል አድርጎ፣ ወጡን አጥቅሶ ይጎርሳል። በእጅ! ከአንድ ሙዳይ! ስድስት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዤ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ፓ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር «ኪን ካው ሩ ያንግ?» ይሉኛል። ቃል በቃል «ሩዝ በላሽ ወይ?» ነው። በኛ ቋንቋ «እህል ቀመስሽ?»። አልበላሁም ካልኩ ሙዳዩ ይከፈታል፤ በልቻለሁ ብልም ይከፈታል።

ሁለት ወር እንዲህ ኖርን።

ልብ ማለት የጀመርኩት ቀስ በቀስ ነው። ፓ አንገታቸው ላይ፣ ከግራ ጆሯቸው በታች፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። ጠዋት ጠዋት በቀን በቀን ከተከፋፈለ የፕላስቲክ ሳጥን መድኃኒት ይውጣሉ፤ አንድና ሁለት አይደለም፣ እፍኝ። በየወሩ ሆስፒታል ይሄዳሉ። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ይለብሳሉ። ከስተዋል። እኔ መቼም የኢትዮጵያ ልጅ ነኝ፤ የከሳ ሰው ሳይ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ፋይል በራሱ ይከፈታል። እናንተም ጋ ይከፈታል፤ አትዋሹኝ።

ከመንገዱ ማዶ በረዶ ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች። ድሮ ቱሪስት በሚበዛበት ከተማ ሠርታ ትንሽ እንግሊዝኛ ለቅማለች። አንድ ቀን ቡናዬን እያማሰለች ወደ ፓ ቤት በአገጯ ጠቆመችና «ሲክ» አለችኝ። ምን ሆነው? አልኳት። ዝቅ ባለ ድምፅ «ሴም ሴም ኤድስ» አለችኝ።

ሴም ሴም። እዚያ አገር «ሴም ሴም» ማለት «ያው ነው» ማለት ነው።

ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። «ኤድስ የሚመስል በሽታ፣ ታይላንድ» ብዬ ፈለግኩ። የመጣልኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለምን የዞረ ዜና ነው፤ በእስያ በጎልማሶች ላይ የሚታይ ኤድስ መሰል በሽታ ስለመገኘቱ። የሚገርማችሁ፣ አንዳንዶቹ ዘገባዎች እዚያው ርዕሳቸው ላይ «አይተላለፍም» ይላሉ። እዚያው! የእኔ ዓይን ግን «ኤድስ» የሚለው ላይ ተተክሎ ቀረ። አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ። «ርዕስ አንብባችሁ አትፍረዱ» የሚል መምህር ነበረን፤ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ፣ ኤም አግኝቻለሁ።

በማግስቱ ብርጭቆውን ገዛሁ።

ከዚያማ «በልቻለሁ» አበዛሁ። ሙዳዩ ሲከፈት ስልክ ይደወልልኛል፤ ማለትም የተደወለልኝ አስመስላለሁ። ሳህኔን ራሴ አጥባለሁ፤ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። ፓ ምንም አላሉኝም። «ኪን ካው ሩ ያንግ?» ማለታቸውን ግን አላቆሙም። እየቆዩ ጥያቄው እንደ ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ጠይቀው መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሙቀጫቸው ይዞራሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እንደ ፍርሃት ቁጠሩልኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን ምን እንደምትሉት አላውቅም።

ከኔ ክፍል ጎን አንድ ባዶ ክፍል ነበር። ኪራዩ በወር 2,500 ባት ነው። ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ አብሮ ተማሪዬ ክፍል ይፈልግ ነበርና አድራሻውን ሰጥቼው ነበር፤ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኝና «ሰፈሩ እንዴት ነው?» አለኝ። «ሰፈሩ ጥሩ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አልኩና «ሴትየዋ ግን ታመዋል። ኤድስ ዓይነት ነገር። እኔ ብሆን አልገባም» አልኩት። እኔ ብሆን! እዚያው ቤት እየኖርኩ!

ልጁ አልመጣም። ሌላም ሰው አልመጣም። ክፍሉ አራት ወር ባዶውን ከረመ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የፓ ልጅ ናት። ወጣ ያለ ወረዳ ላይ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። «የናንተ ዩኒቨርሲቲ ልጆች እናቴ ኤድስ አለባት ይላሉ አሉ። ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ደሜ ወደ እግሬ ወረደ። «አላውቅም» አልኩ። አዎ፣ ዋሸሁ። አንድ አቃፊ ሙሉ ወረቀት ይዛ ነበር፤ ወለሉ ላይ ዘርግታው ቁጭ አለች። እኔም ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት አወራችኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው የጀመራቸው። መጀመሪያ አንገታቸው ላይ ዕጢ አበጠ። ቲቢ ነው ተባለና መድኃኒት ጀመሩ። ጎደለ፣ ተመልሶ አበጠ። ቀጥሎ እጃቸው ላይ ቀያይ ቁስል ወጣ፤ ረጅሙ እጅጌ ለዚያ ነው። ቀጥሎ ሳልሞኔላ የሚባለው ተህዋስ አንጀት ውስጥ መቅረቱ ቀርቶ ደማቸው ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው። እኛ አገር አልማዝ ባለጭራ ወጣባት ከተባለ ሰፈሩ ሌላ ምርመራ አያሻውም፤ እነሱም ጋ እንደዚያው ነው። ኤች አይ ቪ ተመረመሩ። የለም። ደገሙ። የለም። አራት ጊዜ ተመርምረዋል። ውጤቱን ያነበበችላቸው ነርስ ራሷ ያላመነች ትመስል ነበር አለችኝ ልጅቱ።

ሰፈሩ ግን ምርመራውን ጨርሷል። የፓ ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ የሞቱት ከበሽታው ብዙ ዓመት በፊት፣ በመኪና አደጋ ነው። ሰው እያየ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ወሬው ሲነሳ ግን «ሾፌር አልነበር? እሱ ነው ያመጣባት» ተባለ። ቀስ በቀስ አሟሟታቸውም ተለወጠ። «አባቴን ሁለተኛ ገደሉት» አለችኝ።

በመጨረሻ ስሙ ተገኘለት። ስሙ ግን ምን ያደርጋል! በእንግሊዝኛ ስትጠራው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «በአዋቂነት ዕድሜ የሚጀምር፣ ሰውነት ኢንተርፌሮን ጋማ ላይ በሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል የተነሳ የበሽታ መከላከል አቅም መድከም» ሆነ። እስቲ ይህን ለቡና ሻጯ አስረዷት። «ሴም ሴም ኤድስ» ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እኔ ግን በዚያ ሳምንት ማንበብ የነበረብኝን አነበብኩ። የገባኝን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ።

ሰውነታችን ውስጥ ጀርም የሚውጡ ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ማክሮፌጅ ይባላሉ። የሰፈር ዘበኛ በሏቸው። ሌባውን ይይዙና ይውጡታል። መዋጥ ግን መግደል አይደለም። አንዳንዱ ጀርም ተውጦም ዘበኛው ሆድ ውስጥ ተመቻችቶ ይኖራል፤ የቲቢ ዘመዶች ዋነኞቹ ናቸው። ዘበኛው «ግደል!» የሚል ጥሪ መስማት አለበት። ጥሪውን የሚያሰሙት ቲ-ሴል የሚባሉትና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ የሚነፉት ጡሩምባ ኢንተርፌሮን ጋማ ይባላል። የእድር ጡሩምባ እንደማለት።

በኤድስ የሚያልቁት ጡሩምባ ነፊዎቹ ናቸው፤ ቫይረሱ ገብቶ ይጨርሳቸዋል። በፓ ሰውነት ውስጥ ግን ቫይረስ የለም። ነፊዎቹ አሉ፤ ይነፋሉም። ነገር ግን የገዛ ሰውነታቸው የሠራው ፀረ እንግዳ አካል የጡሩምባው አፍ ላይ ጨርቅ ይወትፍበታል። ዘበኛው ምንም አይሰማም። ስለዚህ አፈርና ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ እናንተንና እኔን ዘወር ብለው የማያዩ ተህዋስያን እሳቸውን እያሳደዱ ይይዟቸዋል። በሽታው ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በሙዳይ አይሄድም፣ በብርጭቆ አይሄድም፣ በአልጋም አይሄድም። የሚሄድ ነገር የለውማ!

ከአቃፊው ወረቀቶች አንዱ ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የቲቢ የደም ምርመራ አለ፤ ደሙን በቲቢ ፕሮቲን ይነካኩና ኢንተርፌሮን ጋማ ምን ያህል እንደወጣ ይለካሉ። የፓ ደም ሲለካ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አልሆነም። ጨርቁ ጡሩምባውን እዚያው ብልቃጥ ውስጥም ይወትፈዋላ! ወረቀቱ «መወሰን አልተቻለም» ይላል። ማሽኑ «መወሰን አልተቻለም» ብሎ ዝም ያለበትን ነገር እኛ ኮሪደር ላይ ወስነን ጨርሰናል።

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር፣ መልሱ የነበረው እዚያው ኮን ኬን መሆኑ ነው። ሰው የራሱ ደም የራሱን ኢንተርፌሮን ጋማ ሊያፍን እንደሚችል በሕክምና መጽሔቶች መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ነው። በ2007 የኮን ኬን ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ፕሎንቻን ቼትቾቲሳክድ ከሌሎች የታይላንድ ሐኪሞች ጋር ሆነው የ129 ታማሚዎችን ታሪክ አወጡ፤ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ተህዋስያን መላ ሰውነታቸው ውስጥ ተሰራጭተው፣ ኤች አይ ቪ ግን የሌለባቸው ሰዎች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጋራ 203 ሰዎችን መርምረው አሳተሙ። ኤች አይ ቪ ሳይኖርባቸው ተጓዳኝ በሽታ ከሚፈራረቅባቸው ሰዎች 88 በመቶው ያ ፀረ እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ ተገኘ። ያ «ኤድስ መሰል» ዜና የመጣው ከዚህ ጥናት ነው። ማለትም ሐኪሞቹ እነዚህን ሰዎች ከሐሜት ሊያወጣ የሚችል ነገር አገኙ፤ ዜናው ደግሞ ዓለም የሚያውቀውን አንድ ቃል ፈልጎ ለጠፈባቸው። የሙያ ባልደረቦቼ ላይ ልጮህ ፈልጌ ነበር። ግን እኔ ብሆን ሌላ ርዕስ እሰጠው ነበር? ሁለት ዓመት ዜና ተርጉሜ የለ እንዴ! «ኤድስ» የሚል ቃል ካለበት እሱን ነበር ርዕስ የማደርገው።

ለምን እስያ? እስካሁን የተመዘገቡት አብዛኞቹ ታማሚዎች ከታይላንድ፣ ከታይዋን፣ ከደቡብ ቻይናና ከአካባቢው አገሮች ናቸው፤ ሌላ አገር የተገኙትም ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከዚያው ነው። በዚያ ሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚገኝ የዘር ምልክት ከበሽታው ጋር ተያይዟል። በ2016 ደግሞ የታይዋን ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል፣ ደግሞም የሚያሳዝን ነገር አሳዩ። አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ አንዱ ፕሮቲኑ ቁራጩ የኢንተርፌሮን ጋማን ቁራጭ ይመስላል። ሰውነት ሻጋታውን ሊዋጋ የሠራው መሣሪያ ተሳስቶ የራሱን ጡሩምባ ይመታል ነው ግምታቸው። በመመሳሰል ብቻ! ሴም ሴም።

ሕክምናው ቀላል አይደለም። ተህዋሱን የሚገድል መድኃኒት ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይወሰዳል። ጨርቅ ወታፊውን የሚያመርቱትን ሴሎች ለመቀነስ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ውድ ነው። ታይላንድ ውስጥ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የቆየና ረከስ ያለ የካንሰር መድኃኒትም ይሰጡበታል። ፓ የሚወስዱት ይህን ነው። ሲወስዱ ሁለት ቀን ይተኛሉ፤ ሙቀጫው ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ቀደም ሲል «ዛሬ ሥራ የላቸውም» እያልኩ ተኝቼበታለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ።

ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ተከራይ የነበረች ሴት ነበረች። እትዬ ነበር የምንላት። አንገቷ ላይ ዕጢ አበጠ፤ ከሳች፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ መጠቅለል ጀመረች። ማንም ምንም አልተናገረም። ብቻ ቡና ላይ አንድ ቀን ለእትዬ የተለየ ስኒ መጣ። ጠርዙ የተሸረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ስኒ የእትዬ ሆነ፤ ውሃ የምትጠጣበት ብርጭቆም ብቻውን መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። «አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመጠጣት አይተላለፍም» እያልኩ ሰልፍ ላይ ቆሜ ግጥም አንብቤያለሁ። ተጨብጭቦልኛል። ቤት ስገባ ደግሞ የእትዬን ብርጭቆ በተለየ ስፖንጅ የማጥበው እኔ ነበርኩ።

እትዬ የያዛት የዕጢ ቲቢ ነበር። ወራት መድኃኒት ወሰደችና ዳነች፤ ፊቷ ሞላ። ያን ጊዜ እናቴ «አይ የሰው ነገር፣ ለካ ኤድስ እንኳ አይደለም!» አለች። ለራሷ እንደ ፀፀት ነበር የሚሰማት፤ ክፋት የላትም እናቴ። ስኒው ግን አልተለወጠም። ለመለወጥ መጀመሪያ መለያየቱን ማመን ሊኖርብን ነው።

ኮን ኬን፣ እዚያ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚደውለው ያ «እንኳ» ነበር። ለፓ መከላከያ ሳዘጋጅ የመጣልኝ ዓረፍተ ነገር ራሱ ነበራ፤ «እኔ ልንገራቸው፣ ኤድስ እንኳ አይደለም እላቸዋለሁ» አልኳት ልጅቱን። ትንሽ ቆየችና አንድ ነገር አጫወተችኝ።

ፓ የመጨረሻውን የኤች አይ ቪ ውጤታቸውን ላሚኔት አስደርገው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። እንደ መታወቂያ። ሰው ሲያፈገፍግ ያወጡታል፤ «ይኸው የለብኝም»። አንድ ቀን ሆስፒታል ወረፋ ይዘው አንዲት ሴት ከጎናቸው ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ካርዱን አወጡ። በሌላው ጎናቸው አንድ ወጣት ነበር። በየወሩ የሚገናኙ፣ ቀድሞ ከመጣ ወረፋ የሚይዝላቸው፣ «ፓ» የሚላቸው ልጅ። እሱ ለኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ነው የሚመጣው። ካርዱን አየው። ምንም አላለም። በሚቀጥለው ወርም ወረፋ ያዘላቸው። ፓ ያን ቀን ማታ ካርዱን ከቦርሳቸው አውጥተው ልጃቸው አቃፊ ውስጥ ከተቱት። አሁንም እዚያው አለ፤ አሳየችኝ። ጫፉ ተገጣጥቧል።

ያኔ ነው የነገርኳት። «ዩኒቨርሲቲ ያለው ወሬ ከኔ ነው» አልኳት። በእንግሊዝኛ ለመናገር ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚፈጀው፤ እኔ ላይ ሰዓት ያለፈ መሰለኝ። ልጅቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። «ለኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት» አለችኝና ወረደች።

ወረድኩ። ፓ ፓፓያ እየከተፉ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተረጉማለች። ታይላንድ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው አባባል አለ፤ «ማይ ፔን ራይ»፣ «ግድ የለም» እንደማለት። አውቶቡስ ቢያመልጥህ ማይ ፔን ራይ፣ ሰው እግርህን ቢረግጥህ ማይ ፔን ራይ። እሱን እጠብቅ ነበር። ፓ አላሉኝም። ቢላዋቸውን አስቀመጡና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አራት ወር። ሁለት ሺህ አምስት መቶ። «አሥር ሺህ ባት» አሉ። ልጅቱ ተረጎመችው፤ መተርጎም አያስፈልገውም ነበር። ከዚያ «ተከራይ አምጪ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢላዋቸውን አነሱ።

ተከራይ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ነገርኩት፤ ጡሩምባውን፣ ጨርቁን፣ እኔ ያወራሁትን ሳይቀር። ሁለቱ ሰምተው ጠፉ። ያ አብሮ ተማሪዬንም አግኝቼ «ያልኩህ ውሸት ነበር» አልኩት። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይደል እንዴ? እኔ ከሌላ ሰውም ሰምቻለሁ» አለኝ። ከማን እንደሰማ ጠየቅኩት። የጠራልኝ ልጅ እሱ ራሱ የነገረው ልጅ ነው። በመጨረሻ አንዲት የነርስነት ተማሪ ገባች። ስለ በሽታው ስነግራት በትዕግሥት ሰማችኝና «ዋይፋይ አለው?» አለችኝ።

ሙዳዩ ወዲያው አልተከፈተልኝም። ልዋሻችሁ አልፈልግም። አንድ ወር ያህል በ«ኪን ካው ሩ ያንግ?» ፋንታ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ፓ መድኃኒታቸውን ወስደው ተኝተው፣ ልጅቱም አልመጣች፣ ውሃ ይዤላቸው ገባሁ። የያዝኩበት ያ ባለ ሰማያዊ አበባው ብርጭቆ ነበር፤ ሳላስበው። አዩት። አገላበጡት። ጠጥተው መለሱልኝና አንድ ነገር አሉ፤ ታይኛዬ አልደረሰበትም። ቅዳሜ ልጅቱን ስጠይቃት ሳቀች። «የማን ብርጭቆ እንደሆነ ከገዛሽው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ ነው ያለችሽ» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። ከልጅቱ ጋር በስልክ እንጻጻፋለን፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷ ናት። ፓ አንድ ጊዜ አገርሽቶባቸው ነበር፤ አሁን ሙቀጫው ይሠራል።

እዚህ ቡና ላይ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች፤ «ምስኪን፣ ታዲያ ኤድስ እንኳ ካልሆነ...» ብላ ጀመረችና እኔን አየችና ተወችው። ስኒዎቹን ሰበሰበች። ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «የዚያችን የእትዬን ነገር አስበሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ስልኳ አለሽ?» አልኳት።

«ለቡ አካባቢ ነው አሉ የምትኖረው። ጠይቄ እሰጥሻለሁ» አለችኝ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። አልሰጠችኝም። እኔም መልሼ አልጠየቅኳትም።